ከ241ዱ ውጪ

ኤፕሪል 18 ቀን 1998 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ ኒውዮርክ ላይ ዓመታዊ ምርጫውን ጀመረ። ድራፍት ይሉታል። ያኔ 30 ቡድኖች ተራ በተራ ኮሌጅ የጨረሱ ልጆችን ስም እየጠሩ ይወስዱ ነበር። በሁለት ቀን ሰባት ዙር ተካሄደና 241 ስም ተጠራ። አንደኛ የተጠራው ፔይተን ማኒንግ ነበር፤ የወሰደው ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ነው። ከሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጄፍ ሳተርዴይ ግን 241ኛም መሆን አልቻለም። ስሙን የጠራ ቡድን የለም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በኋላ ከ170 በላይ ጨዋታዎችን አብረው ጀምረዋል። ማኒንግ በእነዚያ ጨዋታዎች ኳስ በያዘ ቁጥር የሚቀበላት ከሳተርዴይ እጅ ነበር። በሊጉ ታሪክ ከእነሱ በፊት ይህን ያህል ጊዜ አብሮ የጀመረ የኳርተርባክና የሴንተር ጥንድ አልነበረም። አንደኛው የተመረጠና ጭራሽ ያልተመረጠው፣ ከአንድ ድራፍት።

ሳተርዴይ ማለት እንግዲህ ቅዳሜ ነው። አቶ ቅዳሜ። ሥራው ደግሞ እሑድ እሑድ። አሜሪካኖች ይህችን ቀልድ ለሃያ ዓመት ሲያኝኳት ኖረዋል፤ እኔም ድርሻዬን አንስቼ ልለፍ።

የስፖርት ጋዜጠኛ አይደለሁም። ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ። ወደዚህ ሰው ታሪክ የሳበኝ ኳሱ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። ከምህንድስና ስንመረቅ ብዙዎቻችን ከዘመድ ከጎረቤቱ የሰማናት የመጀመሪያ ጥያቄ «ሰው አለህ?» የምትለው ነች። ውጤትህ ስንት ነው አይደለም፤ ምን መሥራት ትችላለህ አይደለም፤ ሰው አለህ? በዚህች ጥያቄ ሥራ ያገኘም፣ በዚህች ጥያቄ ሥራ ያጣም ጓደኛ አለኝ። የሳተርዴይ የሙያ ሕይወት ሁለት ጊዜ በዚሁ በር አልፏል። አንዱ የሊጉ ቆንጆ ተረት ሆኖ ይነገራል፤ ሌላው እንደ አሳፋሪ ነገር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ፈልጌ ነው።

መጀመሪያ ግን ሰውየው የሚሠራው ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ምክንያቱም ስታዲየም የሚገባው ሰው እንኳ አብዛኛው አያየውም።

የማጥቃቱ ተራ የደረሰው ቡድን ፊት ለፊት አምስት ግዙፍ ሰዎች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ሥራቸው ከኋላቸው የቆመውን ኳርተርባክ መጠበቅ፣ ወይም ኳስ ይዞ ለሚሮጠው መንገድ መክፈት ነው። ኳስ አይወረውሩም። በተለመደው አሰላለፍ የተወረወረ ኳስ መቀበልም ሕጉ አይፈቅድላቸውም። በቴሌቪዥን ስማቸው ከተጠራ ብዙውን ጊዜ ያጠፉት ነገር አለ ማለት ነው። ከአምስቱ መሃለኛው ሴንተር ይባላል። ጎንበስ ብሎ ኳሷን መሬት ላይ ይይዛል፤ በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ያቀብላል፤ እጁ ከኳሷ ገና ሳይላቀቅ ከፊቱ ያለው ሰው ደረቱ ላይ ይደርሳል። ያ ሰው 150 ኪሎ ሊሆን ይችላል።

ይህ የጉልበቱ ክፍል ነው። ከጉልበቱ በላይ ሴንተር አንባቢ ነው። ተቃራኒዎቹ ስንት ሆነው ሊመጡ ነው? በየት በኩል? የትኛው የመጣ መስሎ ይመለሳል? የትኛውስ የቆመ መስሎ ይመጣል? ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ይህን አይቶ፣ ግራና ቀኝ ላሉት ማን ማንን እንደሚይዝ ጮሆ ይናገራል። ከተሳሳተ ኳርተርባኩ ሳያየው ከኋላ ይመታል። በእኛ ሙያ ባክኤንድ የሚሠሩ ልጆች ይህን ኑሮ ያውቁታል፦ ሲሠራ ማንም አያመሰግን፣ ሲወድቅ ስልኩ አያርፍ።

ታዲያ ሳተርዴይን ለምን አለፉት? ቁመቱ 1 ሜትር ከ88፣ ክብደቱ 134 ኪሎ ገደማ። መንገድ ላይ ብታገኙት ግድግዳ ነው። በሊጉ የመስመር ተጫዋቾች መካከል ግን አጭር ነው፤ ቀላልም ነው። ኤንኤፍኤል ከድራፍቱ በፊት በየዓመቱ እጩዎችን ሰብስቦ ይመዝናል። የሚገርመው ቦታው ራሱ ኢንዲያናፖሊስ ነው። ቁመት፣ ክብደት፣ የክንድ ርዝመት፣ የ40 ያርድ ሩጫ፣ 102 ኪሎ ብረት ስንት ጊዜ እንደሚነሳ። ልኬቶቹ ውሸት አይደሉም፤ ጠቃሚ ናቸው። ግን የሚለካው ሁሉ ብቻውን የቆመ ሰው ነው። የሴንተር ሥራ ደግሞ ብቻውን አይሠራም። ፊቱ የሚገፋው ሰው፣ ጎኑ የሚሰማው ሰው፣ ኋላው የሚያምነው ሰው ከሌለ የሚለካ ነገር የለውም።

እንዲህ ያለውን ልኬት የያዘ አንድ ቦታ ነበር፤ የሰሜን ካሮላይና የልምምድ ሜዳ። የ1997ቱ ቡድን 11 አሸንፎ 1 ብቻ ነው የተሸነፈው፤ መከላከያው በአገሪቱ ከሚፈሩት አንዱ ነበር። ከዚያ መከላከያ ውስጥ ሦስት ልጆች በዚሁ በ1998 ድራፍት በመጀመሪያው ዙር ተወሰዱ፦ ግሬግ ኤሊስ 8ኛ፣ ብራያን ሲመንስ 17ኛ፣ ቮኒ ሆሊዴይ 19ኛ። እነዚህ ሦስቱ ወደ ሊጉ ከመሄዳቸው በፊት በልምምድ ላይ በየቀኑ ከፊታቸው የሚያገኙት አጥቂ መስመር መሃል ላይ የቆመው ማን ነበር? ሳተርዴይ። ቡድኖቹ ፈተናውን ራሱን በውድ ዋጋ ገዙት፤ ፈተናውን ያለፈውን ግን ተዉት።

ከድራፍቱ በኋላ ባልቲሞር ሬቨንስ በነፃ ዝውውር አስፈረመው። ላልተመረጠ ልጅ እንዲህ ያለው ፊርማ ብዙም ዋስትና አይሰጥም። ዋናው የዝግጅት ካምፕ ሳይከፈት፣ በጁን፣ አሰናበቱት። በቃ። ወደ ሰሜን ካሮላይና ተመልሶ ራሌይ ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚሸጥ ድርጅት መጋዘን ሥራ ያዘ። የ1998 የውድድር ወቅት ሙሉውን እዚያ አለፈ። በዚያው ወቅት ማኒንግ ኢንዲያናፖሊስ ላይ 28 ኳስ ለተቃራኒ ተከላካዮች ወርውሯል፤ ለጀማሪ ኳርተርባክ መጥፎ ክብረ ወሰን ነበር። ኮልትስ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ።

አሁን ሦስተኛው ሰው ይግባ። ኔት ሆብጉድ-ቺቲክ ይባላል። የሰሜን ካሮላይና የመከላከያ መስመር ተጫዋች ነበር፤ እሱም በ1998 ስሙ አልተጠራም። ኮልትስ ግን በልምምድ ቡድኑ ውስጥ ይዞት ነበር። የልምምድ ቡድን ማለት በሕንፃው ውስጥ የመጨረሻው ወለል ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የተቃራኒን ሚና እየተጫወትህ ትደበደባለህ፣ እሑድ ማሊያ አትለብስም፣ ማክሰኞ ልትባረር ትችላለህ። ይህ ልጅ ነው እንግዲህ የቡድኑን ሥራ አስኪያጅ ቢል ፖሊያንን ቢሮ ድረስ ሄዶ ያነጋገረው። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለን እነዚያን በመጀመሪያ ዙር የተወሰዱትን ልጆች በልምምድ ሲያሸንፋቸው የኖረ ነው፤ ጥሩት አለ። ፖሊያን ታሪኩን ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተናግሮታል። ጠሩት። በጃንዋሪ 1999 ሳተርዴይ ፈረመ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሆብጉድ-ቺቲክ ለራሱ ቦታ እርግጠኛ አልነበረም። የማይረባ ሰው አምጥቶ ቢሆን ኖሮ የሚሳቅበት እሱ ነው፤ ቀጥሎ የሚባረረውም ምናልባት እሱ ነው። ባለሥልጣን ዘመድ አልነበረም፤ የሚሰጠው ሹመትም የለውም። የነበረው መረጃ ብቻ ነው። ያ መረጃ ደግሞ ሰሚ ሰሚ አይደለም። እሱ ራሱ የመከላከያ ተጫዋች ስለነበር ሳተርዴይን የሚያውቀው ትከሻ ለትከሻ ተጋጭቶ ነው። የአንድን ሴንተር ጥንካሬ ለማወቅ ከፊቱ ከቆመ ሰው የተሻለ መሣሪያ ካለ ንገሩኝ።

በ1999 ሳተርዴይ አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ ነበር። ኮልትስ ከ3 ድል ወደ 13 ድል ዘለለ። በ2000 ሴንተርነቱን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሁለት ወቅት አልለቀቀውም።

የመስመሩ አሠልጣኝ ሃዋርድ መድ ነበር፤ በወጣትነቱ ራሱ በዚያው መስመር ላይ የተጫወተ። መድ ከግዙፍነት ይልቅ የእግር ፍጥነትና ቶሎ የሚያስብ ጭንቅላት ይወድ ነበር። ለሳተርዴይ ከዚህ የተሻለ ቤት አይገኝም። ምክንያቱም ማኒንግና አስተባባሪው ቶም ሙር የሚጫወቱት ጨዋታ ለየት ያለ ነበር። ሌሎች ቡድኖች በየጨዋታው መካከል ክብ ሠርተው ይመካከራሉ። ኮልትስ ብዙ ጊዜ ክቡን ይተዋል፤ በቀጥታ ይሰለፋል፤ ማኒንግ መስመሩ ላይ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ፣ እየጮኸ፣ ዕቅዱን እዚያው ይለውጣል። በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ያንን ነው። ከፊቱ ጎንበስ ያለው ሰው ግን በዚያው ቅጽበት ሁለተኛ ስሌት እያካሄደ ነበር፦ ማኒንግ አሁን ከለወጠው ጋር የእኛ ጥበቃ ይስማማል? ካልተስማማ ማን ይዙር? ከዚያ ያንን ጩኸት ለአራቱ ይተረጉማል።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በ2006 መደበኛ ወቅት ማኒንግ ኳስ እንደያዘ መሬት ላይ የወደቀው 14 ጊዜ ብቻ ነው፤ በ16 ጨዋታ። በ2009 ደግሞ 10 ጊዜ። የኋለኛውን ቁጥር የስፖርቱን ሕግ ለሚያውቅ ሰው ብትነግሩት ደግሞ ይጠይቃችኋል። ማኒንግ ኳሷን በፍጥነት መልቀቁ ትልቅ ድርሻ አለው፤ እሱን መካድ አይቻልም። ግን በፍጥነት ለመልቀቅም መጀመሪያ ማን እንደሚመጣ የሚያውቅ ያስፈልጋል።

ፍቅር ብቻም አልነበረም። በ2005 ካሜራ ሁለቱን ከሜዳው ዳር ሲጨቃጨቁ ይዟቸዋል፤ ሳተርዴይ በሩጫ እንጂ በውርወራ መሆን አልነበረበትም እያለ፣ ማኒንግ በንዴት እየመለሰ። አንደኛ የተመረጠው፣ የመቶ ሚሊዮን ዶላሩ ሰው፣ ካልተመረጠው ጋር እኩል ለእኩል ይጨቃጨቃል። እኔ ከብዙ ዋንጫ ይልቅ ይህን ቪዲዮ እወደዋለሁ። በዚያው ዓመት ሳተርዴይ የሊጉ ምርጥ አሥራ አንድ ውስጥ ገባ፤ በ2007 ደገመው።

ወደ ዋናው ሌሊት እንምጣ። ጃንዋሪ 21 ቀን 2007፣ ኢንዲያናፖሊስ፣ የኮንፈረንሱ ፍፃሜ። ያሸነፈ ሱፐር ቦውል ይሄዳል። ተጋጣሚው ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ነው፤ ቶም ብሬዲ ያለበት፣ ኮልትስን በ2003ና በ2004 የውድድር ወቅቶች ከጥሎ ማለፍ ያስወጣ ቡድን። በሁለተኛው ሩብ ፓትሪዮትስ 21 ለ3 መራ። ከሁለቱ ወገን የትኛውም ደጋፊ «እንደገና ያው» ከማለት ሌላ የሚለው አልነበረውም።

ከእረፍት በኋላ ኮልትስ ተነሳ። 21 እኩል ሆኑ፤ ፓትሪዮትስ እንደገና 28 አደረገ። በአራተኛው ሩብ ኮልትስ የግቡ መስመር አፍንጫ ላይ ደረሰ። ዶሚኒክ ሮድስ ኳሷን ይዞ ተወረወረ፤ ኳሷ ከእጁ አመለጠች፤ ወደ ግቡ ክልል ተንከባለለች። እንዲህ ያለች ኳስ የማንም ነች፤ ቀድሞ የወደቀባት ይወስዳታል። የወደቀባት ሳተርዴይ ነበር። ታችዳውን። 28 እኩል። ሮድስም ሳይመረጥ በ2001 የገባ ተጫዋች ነው፤ አንዱ ያልተመረጠ የጣላትን ሌላው ያልተመረጠ አነሳት።

ሰው የሚያስታውሰው ያንን ነው፤ ነጥብ ስለሆነ። የመስመር ተጫዋቾች ግን ሌላ ቅጽበት ያነሳሉ። 34 ለ31 እየተመሩ ማኒንግ ቡድኑን 80 ያርድ ነድቶ፣ አንድ ደቂቃ ሊቀር ሲል ግቡ 3 ያርድ ቀረው። ኳሷ ለጆሴፍ አዳይ ተሰጠች። መሃሉን የዘጋው ቪንስ ዊልፎርክ ነበር፤ 150 ኪሎ የሚጠጋ፣ በዘመኑ ከመሃል ለማንቀሳቀስ እጅግ ከሚያስቸግሩት አንዱ። ሳተርዴይ ኳሷን አቀበለና ገፋው፤ ሰውየው ከመንገዱ ወጣ። አዳይ ማንም ሳይነካው ቀጥ ብሎ ገባ። 38 ለ34። ቪዲዮውን ስታዩት ዓይናችሁ አዳይን ይከተላል፤ ደግማችሁ እዩትና መሃሉን ብቻ ተከተሉ። በራሌይ መጋዘን ሽቦ ሲያወጣ የነበረው «አጭር» ሰው ያን ግድግዳ ሲያንቀሳቅሰው ታያላችሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማያሚ ላይ በዝናብ ሱፐር ቦውሉን ችካጎ ቤርስን 29 ለ17 አሸንፈው ወሰዱ። ሮድስ 113 ያርድ ሮጠ። ኳሷን በእግሩ ይመታ የነበረው አዳም ቪናቲየሪ ያልተመረጠ ነው፤ ከሳተርዴይ በግራ የተሰለፈው ራያን ሊልያ ያልተመረጠ ነው። ሱፐር ቦውል በማሸነፍ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ የሆነው ቶኒ ደንጊ ራሱ በ1977 ተጫዋች ሆኖ ሲመጣ ማንም አልመረጠውም። የድራፍቱን ነገር በዚህ ቡድን ፊት ማንሳት ትንሽ ያሳፍራል።

ኔትስ? ወዳጁን አስገብቶ እሱ ራሱ ኮልትስ ውስጥ አልቆየም። ወደ ሴንት ሉዊስ ራምስ ሄደ፤ ያ ቡድን በጃንዋሪ 2000 ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ከዚያ ካንሳስ ሲቲ። በ2017፣ 42 ዓመቱ ሳለ፣ ዐረፈ።

የ2011ን ነገር በአጭሩ። የቡድን ባለቤቶችና ተጫዋቾች በገንዘብ ክፍፍል ተጣልተው ሊጉ ከማርች ጀምሮ ተዘጋ። ሳተርዴይ በተጫዋቾች ማኅበር አመራር ውስጥ ሆኖ ተደራደረ። በአዲሱ ስምምነት ከተገኙት ነገሮች አንዱ ሙሉ መከላከያ ለብሶ የሚደረግ ልምምድ በመደበኛው ወቅት በ14 እንዲገደብ ነው፤ ግጭት ዋና ሥራቸው ለሆነው ለመስመር ተጫዋቾች ትልቅ ነገር። ስምምነቱ ጁላይ 25 ዋሽንግተን ላይ ሲታወጅ፣ የፓትሪዮትሱ ባለቤት ሮበርት ክራፍት ባለቤቱን ማይራን በካንሰር ካጣ ገና አምስት ቀኑ ነበር። ሳተርዴይ ካሜራ ፊት ያንን ሽማግሌ አመስግኖ በሁለት ክንዱ አቀፈው። ሰውየው በትከሻው ውስጥ ጠፋ። ፎቶው የድርድሩ ማስታወሻ ሆኖ ቀርቷል።

ከዚያ እርጅና መጣ። ማኒንግ አንገቱን ታሞ የ2011ን ወቅት አልተጫወተም፤ ኮልትስ 2 አሸንፎ 14 ተሸነፈ፤ በቀጣዩ ማርች ማኒንግን ለቀቁት። ሳተርዴይም ወደ ግሪን ቤይ ሄደ፤ በዲሴምበር ቦታውን ለሌላ ሰጡበት። ሆኖም ለኮከቦች ጨዋታ ለስድስተኛ ጊዜ ተመርጦ ነበር። ጃንዋሪ 2013 ሆኖሉሉ ላይ፣ በዚያ ጨዋታ በተቃራኒ ወገን ሆነው ሳሉ፣ አስፈቅዶ ወደ ማኒንግ ቡድን ተሻገረና ኳስ አቀበለው። ከዚያ ለአንድ ቀን በኮልትስ ማሊያ ፈርሞ ጡረታ ወጣ። ቴሌቪዥን ላይ ተንታኝ ሆነ፤ ጆርጂያ ውስጥ ለሦስት ወቅት የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን አሠለጠነ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

ኖቬምበር 7 ቀን 2022፣ ሰኞ። ኮልትስ አሠልጣኙን ፍራንክ ራይክን አባረረ። የቡድኑ ባለቤት ጂም ኧርሴ ጊዜያዊ ዋና አሠልጣኝ ብሎ የሾመው ጄፍ ሳተርዴይን ነው። በፕሮፌሽናል ደረጃም በኮሌጅ ደረጃም አንድም ቀን አሠልጥኖ የማያውቅ ሰው። በዚያው ሕንፃ ውስጥ በሊጉ ዋና አሠልጣኝ የነበሩ ጆን ፎክስና ገስ ብራድሊ ነበሩ። ኧርሴ በጋዜጣዊ መግለጫው ልምድ ባይኖረው ደስ ይለኛል፣ አሠልጣኞችን የሚይዛቸው ፍርሃት ገና አልያዘውም ብሎ ተከራከረ።

አገር ተንጫጫ። የቀድሞው አሠልጣኝ ቢል ካውር በቴሌቪዥን ለሙያው ውርደት ነው አለ። ከዚያ የሚከብድ ጥያቄም ነበር። በዚህ ሊግ ከተጫዋቾቹ ከግማሽ በላይ ጥቁሮች ናቸው፤ ዋና አሠልጣኞቹ ግን ጥቂት ብቻ። ከ2003 ጀምሮ ቡድኖች ዋና አሠልጣኝ ሲፈልጉ ከአናሳ ዘሮች የሆነ እጩ ኢንተርቪው እንዲያደርጉ የሚያስገድድ ሕግ አለ፤ ሩኒ ሩል ይባላል። በወቅት መሃል የሚሾም ጊዜያዊ አሠልጣኝን ግን አይመለከትም። ሃያ ዓመት ከታች እየተነሱ፣ እየተማሩ፣ ኢንተርቪው እየተደረጉ «ገና ነህ» የሚባሉ ጥቁር ረዳት አሠልጣኞች፣ አንድ ነጭ የቴሌቪዥን ተንታኝ በስልክ ጥሪ ሲሾም አዩ።

ብዙዎች የሳተርዴይን ወዳጆች ያኔ ያሉት ነገር አለ፦ 1998ም እኮ ልምድ የለውም፣ አይመጥንም ብላችሁት ነበር! ክርክሩ ጥሩ ይመስላል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ሁለቱም ጊዜ «ሰው አለው» ነው፣ እውነት ነው። ግን በ1999 የመሰከረለት ሥራውን ሲሠራ ያየው ሰው ነው፤ የመሰከረውም ስለዚያው ሥራ ነው። ምስክሩ ያስገኘለት ሹመት ሳይሆን ፈተና ነበር፦ ና፣ ካምፕ ግባ፣ ካልቻልክ ትባረራለህ። በ2022 የመሰከረው የሕንፃው ባለቤት ነው፤ የመሰከረው ስለ ሌላ ሥራ ነው፤ ፈተናውም የተሰጠው ሹመቱ ካለቀ በኋላ፣ በሰባ ሺህ ሰው ፊት ነው። የታችኛው ሰው ሲመሰክር ራሱን ያስይዛል። ባለቤቱ ምን ያስይዛል? በቡድኑ ውስጥ ባለቤቱን የሚያባርር የለም።

ሳተርዴይን ራሱን መውቀስ ይከብደኛል። ያን ስልክ ብትቀበሉ እምቢ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።

በስድስት ቀን ዝግጅት ላስ ቬጋስ ሄዶ ሬይደርስን 25 ለ20 አሸነፈ። ለአንድ ሳምንት ተረቱ እንደገና የተጀመረ መሰለ። በሚቀጥለው እሑድ በፊላደልፊያ 17 ለ16 ተሸነፈ። ከዚያ ሌላ ሽንፈት፣ ሌላ ሽንፈት። ዲሴምበር 17 ቀን ሚኒያፖሊስ ላይ ኮልትስ በእረፍት ሰዓት ቫይኪንግስን 33 ለ0 እየመራ ነበር። ሠላሳ ሦስት ለባዶ። በተጨማሪ ሰዓት 39 ለ36 ተሸነፈ። በሊጉ ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ መመለስ የለም። ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 32 ነጥብ ነበር፤ በጃንዋሪ 1993 ቡፋሎ ቢልስ ያስመዘገበው። ያን ቀን የቡፋሎ ተቀያሪ ኳርተርባክ ሆኖ የገባው፣ ቡድኑን ከመቃብር ያወጣው ማን መሰላችሁ? ፍራንክ ራይክ። ሳተርዴይ የተተካበት ሰው። ቀኑም፣ ይቅር በሉኝ፣ ቅዳሜ ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ ጃንዋሪ 8 ቀን 2023 ነበር፤ ሂውስተን 32 ለ31 አሸነፈው። ድምሩ 1 ድል፣ 7 ሽንፈት። ከዚያ ኮልትስ ቋሚ አሠልጣኝ መፈለግ ጀመረ፤ በዚህኛው ዙር ረጅም የእጩዎች ዝርዝር ይዞ፣ ሰዎችን አንድ በአንድ እየጠራ። ሳተርዴይም እንደሌሎቹ ተራውን ጠብቆ ኢንተርቪው ተደረገ። ፌብሩዋሪ 14 የተጠራው ስም ሼን ስታይከን ነበር። ሳተርዴይ ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ።